ሰራተኞች ሳታውቁት ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየተጠቀሙ ነው? ከክልከላ በፊት ይህን አድርጉ

«እኛ ጋ ማንም ኤአይ አይጠቀምም» የሚል አለቃ ብዙ ጊዜ ሰራተኞቹን ጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንዷ ሰራተኛ የተቆጣ ደንበኛ ኢሜይል ደረሳት። ሥራ ተደራርቦባታል። ኢሜይሉን እንዳለ፣ ከነስሙ፣ ከነስልኩ፣ ከነሂሳብ ቁጥሩ ኮፒ አድርጋ በግል አካውንቷ ቻትጂፒቲ በሚባለው የኤአይ አገልግሎት ላይ ለጠፈችና «በትህትና መልስልኝ» አለችው። አስር ሰከንድ አልፈጀባትም። ክፋት የለበትም፣ ግን የደንበኛው መረጃ አሁን የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው፤ እንደ አካውንቷ ሴቲንግ ኤአዩን ራሱን ለማሰልጠንም ሊውል ይችላል፣ ሥራ ብትለቅም ቻቱ ከእሷ ጋር ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሰራተኞች የድርጅቱን የሶፍትዌር ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው ኩባንያው አገልግሎቱን እስከ መከልከል ደርሷል። እኔ ግን በክልከላ ጀምሩ አልልም። በቢሮው ኮምፒውተር ስትዘጉት ሰው ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ያኔ ጭራሽ አታዩትም።

መጀመሪያ ጠይቁ። ምን ትጠቀማላችሁ? ለየትኛው ሥራ? ማንም እንደማይቀጣ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። መልሱ የትኛው ሥራ ሰዉን እንዳሰለቸው ያሳያችኋል።

ከዚያ የተፈቀደ አማራጭ ስጧቸው። ለድርጅት የሚሸጠውን አካውንት ግዙ። ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፦ መረጃችን ለማሰልጠኛ ይውላል? ስንት ቀን ይቀመጣል? ሰው ሲለቅ አካውንቱን እኛ መዝጋት እንችላለን?

መመሪያው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ረጅሙን ማንም አያነበውም። ፓስወርድ፣ የደንበኛና የሰራተኛ የግል መረጃ፣ ያልተፈረመ ውል፣ ይፋ ያልሆነ ሂሳብ ባልተፈቀደ መሣሪያ ላይ በፍጹም አይለጠፍም በሉ። በምሳሌም አሳዩ። ስሙን «ደንበኛ ሀ» ብሎ መቀየር፣ ስልኩንና የሂሳብ ቁጥሩን ማጥፋት። ልብ በሉ፣ አንዳንዴ ስሙ ቢወጣም ከታሪኩ ብቻ ሰውየው ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን መተው ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም (ኤክስቴንሽን) እና ስብሰባ ገብቶ ማስታወሻ የሚይዝ ቦት ነው። ቦቱ ከአንድ ሰው ካላንደር ጋር ከተያያዘ ባልተጠራበት ስብሰባ ሁሉ ሊገባ ይችላል። የአይቲ ክፍላችሁ በድርጅቱ የጉግል ወይም የማይክሮሶፍት አካውንት የትኞቹ መተግበሪያዎች ፈቃድ እንደተሰጣቸው ከአድሚን ገጹ ይይ፣ የማይታወቀውንም ይንቀል።

አለቆችም ከዚህ አያመልጡም፣ እንዲያውም ከባዱ ሰነድ ያለው እነሱ ጋ ስለሆነ ስልጠናውን ከእነሱ ጀምሩ።

ስህተት መፈጠሩ አይቀርም። ለማን እንደሚነገር ከወዲሁ ወስኑ፣ ቶሎ የተናገረውንም አመስግኑት። የመጀመሪያውን ከቀጣችሁ ሁለተኛው ይደብቃችኋል። የተለጠፈው ፓስወርድ ከሆነ ደግሞ ቻቱን መሰረዝ አይበቃም፤ ፓስወርዱን እዚያው በዚያው ቀይሩት።