በአሜሪካ ሆኖ የእንግሊዝን ክለብ መከታተል፦ ለሐበሻ ደጋፊ የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ አበባ ላለ ደጋፊ የእንግሊዝን ኳስ ማየት ያን ያህል ዝግጅት አይጠይቅም። የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች ተጽፈው ይጠብቁታል፤ ጥቂት ብር ከፍሎ አግዳሚው ላይ ይጠጋል፤ ሰዓቱን ቢዘነጋው እንኳ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ጩኸት ያስታውሰዋል። ይኸው ሰው አሜሪካ ሲገባ ጨዋታው ከአመሻሽ ወደ ማለዳ ይዞርበታል፣ የሚታይበት ጣቢያ በሦስትና በአራት ይከፈልበታል፣ አብሮት የሚጮኽ ሰውም ያጣል። ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ቆርጠው ውጤት በስልክ ከማየት ያለፈውን የሚተዉት በዚህ ምክንያት እንጂ ጨዋታው ስለማይተላለፍ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ረገድ አሜሪካ የሚኖር ደጋፊ ለንደን ከሚኖረው የተሻለ ዕድል አለው። በእንግሊዝ የስታዲየም ተመልካች እንዳይቀንስ በሚል ቅዳሜ ከቀኑ 2:45 እስከ 5:15 ባለው ጊዜ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም፤ ስለዚህ 3:00 ላይ የሚጀምረውን ጨዋታ የለንደኑ ሰው በሕጋዊ መንገድ በቴሌቪዥን ሊያየው አይችልም፣ የሜሪላንዱ ግን ቁርሱን እየበላ ያየዋል። የውድድር ዘመኑ 380 የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ እዚህ ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሰዓቶችም ሆኑ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሰዓቱን ይያዙ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አምስት ሰዓት ነው፤ በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ ስምንት። በእንግሊዝ 12:30 ላይ የሚጀምረው የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በዋሽንግተንና በአትላንታ ከጠዋቱ 7:30፣ በዳላስና በሚኒያፖሊስ 6:30፣ በሎስ አንጀለስና በሲያትል ደግሞ ገና ሳይነጋ 4:30 ላይ ነው። የ3:00ዎቹ ጨዋታዎች በምሥራቅ 10:00፣ በምዕራብ 7:00 ላይ ይጀምራሉ፤ አመሻሹ ላይ 5:30 የሚደረገው በምሥራቅ 12:30፣ በምዕራብ 9:30 ይሆናል። የእሑዶቹ በብዛት 2:00 እና 4:30 ላይ ስለሚደረጉ ምሥራቅ ላይ በ9:00 እና በ11:30 ይገባሉ። የእሑዱ 9:00 ከቅዳሴ ጋር እንደሚጋጭ ለሐበሻ ደጋፊ መንገር አያስፈልግም፤ በነጠላው ሥር ስልኩን ደብቆ ውጤት የሚያይ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ አይጠፋም፣ እኔ ግን ድጋሚ ስርጭት የተፈጠረው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንቱ መካከል ምሽት 8:00 ላይ የሚደረጉት ደግሞ ምሥራቅ ላይ ከቀኑ 3:00፣ ማለትም ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ይመጣሉ።

ይህ ስሌት በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛነፋል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን እንግሊዝ ግን እስከ ማርች የመጨረሻ እሑድ ትቆያለች፤ መልሰው ወደኋላ ሲያደርጉት ደግሞ እንግሊዝ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትቀድማለች፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትከተላለች። በእነዚህ ሳምንታት ልዩነቱ ወደ አራት ሰዓት ስለሚጠብ የ7:30ው ጨዋታ 8:30፣ የ10:00ው 11:00 ላይ ይጀምራል። አንድ ማርች ላይ ይህን ረስቼ በጨለማ ተነሥቼ ደጋፊዎች የሚሰበሰቡበት ፐብ ስደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ወንበሮቹም ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ናቸው። መኪናዬ ውስጥ ማሞቂያ ከፍቼ ስጠብቅ ሌላ ሐበሻ መጥቶ በሩን ገፋ፣ በመስታወቱ አጮለቀ፣ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። ገብቶ አጠገቤ እንዲቀመጥ ጠራሁት፤ እስከ ዛሬ አብረን ነው የምናየው።

የአገር ቤቱ ሰዓት ደግሞ የራሱን ግራ መጋባት ይጨምራል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀይር ያው የቅዳሜ የ3:00 ጨዋታ፣ እንግሊዝ ሰዓቷን ወደፊት በገፋችበት ወቅት አዲስ አበባ ላይ «11 ሰዓት»፣ በመለሰችበት ወቅት ደግሞ «12 ሰዓት» ይባላል፤ ወንድምዎ በስልክ «ጨዋታው 11 ሰዓት ነው» ሲልዎት ያንን ቁጥር ይዘው ማንቂያ ከሞሉ አንድ ሰዓት ያህል ያልፍዎታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክለቦቹና ሊጉ ራሱ በነጻ የሚሰጡት የጨዋታ ቀን መቁጠሪያ ስልክዎ ላይ ቢጭኑ፣ ጨዋታው በተዘዋወረ ቁጥር ራሱን ያርማል፣ ሰዓቱንም ወደሚኖሩበት ከተማ ይመልሰዋል።

ወደ ጣቢያዎቹ ስንመጣ፣ የፕሪሚየር ሊግ መብት ከ2013 ጀምሮ በኤንቢሲ እጅ ነው፤ በ2021 የታደሰው ውልም እስከ 2028 ይዘልቃል። ጨዋታዎቹ ግን በአንድ ቦታ አይታዩም። ጥቂቶቹ፣ በተለይም ብዙ ጊዜ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ቅዳሜ 12:30 (በእንግሊዝ 5:30) የሚጀምረው፣ በዋናው የኤንቢሲ ጣቢያ ስለሚተላለፉ ርካሽ የቤት ውስጥ አንቴና ያለው ሰው ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያያቸዋል። ሌሎቹ ዩኤስኤ ኔትወርክን በመሳሰሉ የኬብል ጣቢያዎች፣ የቀሩት ደግሞ የኤንቢሲ የኢንተርኔት አገልግሎት በሆነው በፒኮክ ብቻ ይታያሉ። በስፓኒሽ ቴሌሙንዶና ዩኒቨርሶ ያስተላልፋሉ፤ ቋንቋውን ባልሰማም የስፓኒሹን ዘጋቢ የጎል ጩኸት ከእንግሊዝኛው የምመርጥበት ቀን ብዙ ነው። የቻምፒየንስ ሊግና የዩሮፓ ሊግ ጨዋታዎች ፓራማውንት ፕላስ በተባለው ሌላ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ የኤፍኤ ካፕ በኢኤስፒኤን፣ የካራባኦ ካፕ እንደገና በፓራማውንት ፕላስ ናቸው። ሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም ቻምፒየንሺፑም እዚያው ስለሚታይ ክለብዎ ቢወርድ እንኳ ተከትለው የሚወርዱበት ቦታ አለ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት ግን አያስፈልግም። ክለብዎ በአውሮፓ ውድድር የማይሳተፍ ከሆነ ፒኮክና አንድ የኬብል አማራጭ ይበቃሉ፤ ኬብል የሌለው ሰው ደግሞ በኦገስት ወር የክለቡን የመጀመሪያ ሁለት ወራት ጨዋታዎች አይቶ ስንቱ በፒኮክ፣ ስንቱ በኬብል እንደሚተላለፍ ቢቆጥር ገንዘቡን ያተርፋል። ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ሊጉ በሜይ ሲጠናቀቅ ሰርዞ በኦገስት መመለስ ይቻላል፣ አብዛኛው ሰው ግን ይህን ረስቶ የሁለት ወር ክፍያ በከንቱ ይሰጣል። በቴሌግራም የሚለቀቁትን የስርቆት ሊንኮች በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ የባንክ ሒሳብዎ ባለበት ስልክ አይክፈቷቸው።

በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ፦ በፒኮክና በመሰሎቹ የሚመጣው ምስል ከትክክለኛው ጨዋታ በብዙ ሴኮንዶች ይዘገያል፤ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በዲሽ ያያል። እኔ ዘንድ ኳሱ ገና ከማዕዘን ሊመታ ሲቀመጥ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥና «አላልኩህም!» የሚል መልእክት ይመጣል። ምን እንዳላለኝ ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ አለብኝ፣ ጎሉንም እንደ ዜና ነው የማየው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የደረስንበት ስምምነት እስከ እረፍት ድረስ እንዳይጽፍ ነው። እርስዎም የቤተሰቡን ግሩፕ፣ የስፖርት ቻናሎቹንና የውጤት ማሳወቂያዎቹን ከጨዋታው በፊት ጸጥ ያድርጉ። ሌሊት ሠርተው ጠዋት ለሚተኙ፣ ታክሲ ለሚነዱ፣ በሆስፒታልና በፓርኪንግ ፈረቃ ላሉ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጨዋታውን ከሰዓት በኋላ በድጋሚ ማየት የሚጣፍጠው ውጤቱን እስካልሰሙ ድረስ ብቻ ነውና፣ ለሥራ ባልደረቦችዎ «አላየሁም፣ አትንገሩኝ» ማለትን አይፈሩ።

ብቻዎን ማየት ከሰለቸዎት የክለብዎ ድረ ገጽ ላይ ዕውቅና ያላቸው የደጋፊ ማኅበራትን በየከተማው ይፈልጉ። የአርሴናል ደጋፊዎች በአርሴናል አሜሪካ ሥር ተደራጅተው በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ አላቸው፤ ሊቨርፑልም ሆነ ሌሎቹ ትልልቅ ክለቦች ተመሳሳይ ማኅበራት አሏቸው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚሰበሰብበት ቋሚ ፐብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ አይሪሽ ወይም እንግሊዛዊ ሲሆን ለ7:30 ጨዋታ በሩን ቀድሞ ይከፍታል። ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ልጅ ይገባ እንደሆነ፣ ድምፅ የሚለቀቀው ለየትኛው ጨዋታ እንደሆነ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር ስክሪን ባለበት ቤት የእርስዎ ክለብ ጥግ ላይ ድምፅ አልባ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የተቃራኒ ክለብ ማልያ ለብሶ የሌሎች መሰብሰቢያ ቤት መግባት ዱላ አያስከትልም፣ መቀመጫ ግን ያሳጣል።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ ጎዳና ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ኳስ የሚያሳዩ አሉ፤ ከእንቁላል ጥብስ ይልቅ ፍርፍር፣ ከቢራ ይልቅ ማኪያቶ ለሚሻ ሰው ከዚያ የተሻለ ማለዳ የለም። ቤት ያላችሁ ወገኖች ግን አስተውሉ፤ በግል የተከፈተ የፒኮክ ሒሳብ በንግድ ቤት ለደንበኛ ማሳየት በውሉ አልተፈቀደም፣ ለንግድ የተዘጋጀው አገልግሎት ለብቻው ይገዛል።

እዚህ የተወለዱ ልጆች ካሉዎት ከማን ጋር ይመለከታሉ የሚለው ጥያቄ በቤትዎ ይመለሳል። የአሜሪካን ስፖርት ለለመደ ልጅ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክለቦች ከሊጉ መውረዳቸውን ካስረዱት፣ በሜይ ወር 17ኛና 18ኛ የሆኑ ክለቦችን ጨዋታ ከእርስዎ በላይ ተጨንቆ ያያል። የጌዲዮን ዘላለምንም ታሪክ ይንገሩት፦ በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ሜሪላንድ መጥቶ፣ በ2013 ወደ አርሴናል የተጓዘውና በጃንዋሪ 2014 ገና በ16 ዓመቱ በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ የገባው ልጅ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜዳዎች ላይ የሚሮጥ የሐበሻ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚያሳየውን ለወላጅ መተው ይሻላል።

በጁላይና በኦገስት መጀመሪያ ክለቦቹ ራሳቸው ወደዚህ ይመጣሉ። ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ በ2014 በሚሺጋን ስታዲየም ሲገናኙ 109,318 ተመልካች ገብቶ ነበር፤ ሊጉም በ2023 እና በ2025 የራሱን የበጋ ውድድር በአሜሪካ ከተሞች አዘጋጅቷል፤ በ2023 ደግሞ አርሴናል ዋሽንግተን መጥቶ የአሜሪካውን ሊግ የኤምኤልኤስን ኮከቦች 5 ለ 0 አሸንፏል። ለእነዚህ ጨዋታዎች ከአቅም በላይ መክፈል አይመከርም፤ ዝግጅት በመሆናቸው የሚወዱት ተጫዋች 45 ደቂቃ ተጫውቶ ሊወጣ ይችላል። መብረቅ በታየ ቁጥር ጨዋታ እንደሚቋረጥም ይወቁ፤ በጁን 2025 በቻርሎት የቼልሲና የቤንፊካ የክለቦች ዓለም ዋንጫ ጨዋታ በዚሁ ምክንያት ሁለት ሰዓት ያህል ቆሟል። የዝናብ ልብስ፣ ውሃና ትዕግሥት ይያዙ።

በመጨረሻ፣ እንግሊዝ ሄዶ በዓይን የማየት ሐሳብ ያለው ሰው ከፓስፖርቱ ይጀምር። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ከጃንዋሪ 8 ቀን 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ቪዛ ያስፈልገዋልና ወራት አስቀድሞ ያመልክት። ትኬት ከሰው እጅ አይግዙ፤ ያለ ክለቡ ፈቃድ የእግር ኳስ ትኬት መሸጥ በእንግሊዝ በ1994 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው፣ የተሰረዘ ትኬት ይዞ በር ላይ የቀረ ሰውም ገንዘቡን የሚመልስለት አያገኝም። ትክክለኛው መንገድ የክለቡን ዓመታዊ አባልነት ገዝቶ በዕጣ መሳተፍ፣ ወይም ሌሎች አባላት በክለቡ በኩል የሚመልሱትን መቀመጫ መጠበቅ ነው። ትልቁ ክለብ ካልተሳካ ለንደን ውስጥ ኪውፒአርንና ሌይተን ኦሪየንትን በመሰሉ ዝቅ ያሉ ዲቪዚዮኖች ክለቦች ትኬት በቀላሉ ይገኛል፣ ወደ ሜዳውም ይበልጥ ይቀርባሉ።

የበረራ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ደግሞ የጨዋታው ቀን በቴሌቪዥን ምክንያት ተወስኖ እስኪታወጅ ይጠብቁ፤ በጁን የሚወጣው መርሐ ግብር ቅዳሜ ያለው ጨዋታ ኋላ ላይ ወደ ዓርብ ምሽት፣ ወደ እሑድ ወይም ወደ ሰኞ ሊዛወር ይችላል። መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ ከዓርብ ረፋድ በፊት ደርሰው እስከ ማክሰኞ የሚያቆይ ጉዞ ያቅዱ፤ የሰኞው ጨዋታ ምሽት 8:00 ጀምሮ ወደ 10:00 ገደማ ስለሚያልቅ የመመለሻ በረራዎ ከማክሰኞ ቀትር በፊት አይሁን።