ከአልኮል ሱስ ለመላቀቅ የሚያግዝ ቡድን በጎንደር፦ አፈላለጉና አገባቡ

መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ቡድን። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ «ሰው ፊት ከመቅረቤ በፊት ራሴን ላስተካክል» ብሎ አንድ ቀን ጠዋት መጠጡን ቁርጥ ያደርጋል። አልፎ አልፎ ለሚጠጣ ሰው ይህ ችግር የለውም። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣና ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል።

ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጋኔን ነው» ብሎ ወደ ጸበል ይሮጣል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ጸበል ከርመው ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች አሉ። የምቃወመው በዚያው ሳምንት መጠጡን በድንገት ማቆምን፣ እህል አለመቅመስንና መድኃኒት መጣልን አንድ ላይ ማድረግን ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ቢ1 ይጎድለዋል፤ ያለ ምግብ ሲሰነብት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ቫይታሚኑንና የሚያረጋጋውን መድኃኒት ይስጥ፤ ጸበሉ የትም አይሄድም።

ስለዚህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፤ የሚቀርብዎት ጤና ጣቢያ ከሆነ ከዚያ ሪፈር ያጽፉ። ካርድ ሲያወጡ «ጨጓራዬን ነው» አይበሉ። የክፍሉ ስም ስለሚያስፈራ እንደዚያ የሚሉ አሉ፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ የቢራውንም የአረቄውንም ሳይቀንሱ ይናገሩ።

ቡድኑን መጠየቅ ያለብዎትም እዚያው ነው። እንዲህ ያሉ ቡድኖች በር ላይ ታፔላ አይሰቅሉም። «አብረው የሚሰባሰቡ ያቆሙ ሰዎች አሉ? የት፣ በስንት ሰዓት?» ብለው ነርሷን ይጠይቁ። ሐኪም በጥድፊያ ስለሚሠራ ይህን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ነርሶች ናቸው። የነፍስ አባትዎን ወይም የመስጊዱን ኢማም መጠየቅም አይከፋም። ገንዘብ አስቀድመው የሚጠይቁትን ይተዉ።

ከተማው ውስጥ ካላገኙ ስልክዎ አለ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር በዙም ስብሰባ ያካሂዳል፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሰዓቱን አይሳሳቱ፦ ለንደን ላይ 19፡00 የተባለ ስብሰባ በእነሱ ክረምት እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 3 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የምመርጠው ግን ራስዎ እንዲጀምሩ ነው። ያ ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. አክሮን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሲጀመር ሁለት ጠጪዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የአክሲዮን ነጋዴ፣ ሌላው ሐኪም። ዛሬም በደንባቸው ላለመጠጣት የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን ናቸው። ሆስፒታል ወረፋ ላይ የተዋወቁት ሰው ይበቃል። ቦታው የጤና ጣቢያ ክፍል ወይም ቢራ የማይሸጥ ሻይ ቤት ይሁን፤ ፒያሳ አካባቢ ቢራ የማይሸጥ ቤት ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሰዓቱ ድሮ የሚጠጡበት ሰዓት ይሁን። ማምሸት ካስቸገረ፣ የመጨረሻው ሰው ባጃጅ ሳያጣ እንዲያልቅ አድርጉ።

ስብሰባው ላይ የሚከብድ ነገር የለም። ስምዎን ብቻ ይናገሩ፤ የአባት ስም አያስፈልግም። መናገር ግዴታ አይደለም፣ አዳምጠው መውጣት ይችላሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም። ሽማግሌ ለመሆን የሚቸኩል ሰው በየቡድኑ ይኖራል፤ በትህትና አስቁሙት። እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል፤ ጎንደር ውስጥ የአንዱ አክስት የሌላው ጎረቤት ስለሆነች ይህ ሕግ በየስብሰባው መጀመሪያ ይነበብ። ብድር አትበዳደሩ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ተወው» የሚል ካለ፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስም አባላቱ ሐኪም እንዳይሆኑ እንደሚያሳስብ ንገሩት።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጠላና አረቄ እየሸጠች ልጆች የምታሳድግ ሴት «ተይው» ስትባል መጠጡን ብቻ ሳይሆን ገቢዋንም እየተጠየቀች ነው። እንዲህ ያለች አባል ካለች ስለ ሌላ ሥራም አብራችሁ ተነጋገሩ። ሴቶች ብቻቸውን መሰብሰብ ከፈለጉ ይሰብሰቡ።

ቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በዓል ሲሆን ነው። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» ብሎ ብርጭቆ የሚዘረጋ ዘመድ ፊት «አቁሜያለሁ» ማለት ክርክር ይከፍታል፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ያለ ሰው ግን ብዙም አይለመንም። «ቅራሪ ነው፣ አያሰክርም» ቢሉዎትም ቅራሪም ጠላ ነው። ማኅበር የሚጠጡ ከሆነ ተራዎ ሲደርስ ብርዝ ያዘጋጁ፤ ሳይቆይ ይቅረብ እንጂ ካደረ እሱም ይፈላል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ መሰብሰቢያችሁ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከጥር 10 በፊት ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደሚደውል ተመዳደቡ፣ የስልክ ካርድም አስቀድማችሁ ሙሉ።