«ለጊዜው ሶላር እንጠቀማለን»፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ገጠር ከተማ ገብተው «እዚህ መብራት ገብቷል?» ብለው ይጠይቁ። ጣሪያው ሁሉ ፓኔል የተሸከመ ቢሆን እንኳ መልሱ «አይ፣ ገና ነው» ይሆናል። ለእኛ መብራት ማለት ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ ነው። ከገዛ ጣሪያችን የምናገኘውን ኃይል መብራት አንለውም። «ለጊዜው ሶላር እንጠቀማለን» ብለን እናልፈዋለን።

ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል ብዙ ጉዳት አድርሳለች። ለጊዜው የተባለ ነገር አይሰላለትም፣ አይጠገንም፣ ባለቤትም አይኖረውም። በዘመዶቼ ሱቆችና በማውቃቸው ቀበሌዎች ሶላር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኛው ብልሽት የመጣው ከዕቃው አይደለም። ዕቃውን ከምናይበት ዓይን ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገርዎ።

«መብራት ሊገባ ነው ተብሏል» ብሎ መጠበቅ

ይህን ሰምቶ ስድስትና ሰባት ዓመት በናፍጣ ጄኔሬተር የሠራ ባለሱቅ አውቃለሁ። በየምርጫው፣ በየስብሰባው ይነገራል። እሱም ይጠብቃል።

በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ግን ሁሉንም ሰው ወዲያው በመስመር አዳርሳለሁ አላለም። ያቀደው 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በሶላርና በአነስተኛ የአካባቢ መረብ ኃይል እንዲያገኝ ነበር። መንግሥት ራሱ ሶላርን የዕቅዱ አንድ እግር አድርጎ ቆጥሮታል። እኛ ነን እንደ ማቆያ የምናየው።

ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ወዲህ ደግሞ ሌላ ንግግር መጥቷል። «ህዳሴው አልቋል፤ አሁን ሶላር ምን ያደርጋል?» ይባላል። የግድቡ ምረቃ የሁላችንም ደስታ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ግድቡ ያመነጫል እንጂ ቀበሌዎ ድረስ በራሱ አይመጣም። በመካከል ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ አለ። መስመር የገባላቸው ከተሞችም ቢሆኑ አንድ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሳምንታት በጨለማ ያሳልፋሉ።

መስመሩ ቢመጣም ፓኔልዎ አይጣልም። መብራት ሲጠፋ ሥራዎ አይቆምም። የታሪፉም ነገር አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ የአራት ዓመት ዕቅድ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ምሰሶው ደጅዎ ከቆመና ትራንስፎርመሩ ከተሰቀለ ትልቅ ሶላር አይግዙ። መብራት ሲጠፋ የሚያሠራዎትን ያህል ብቻ ይግዙ።

ሳይሰሉ መግዛት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው።

የአጎቴ ልጅ ፀጉር ቤት አለው። ሶላር ሲገዛ ሻጩን የጠየቀው «ለፀጉር ቤት የሚሆን አለ?» ብሎ ነው። «አለ» ተባለ። 150 ዋት ፓኔልና አንድ የመኪና ባትሪ ይዞ መጣ። ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ደንበኛው ራስ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ «ሶላር አይሠራም» እያለ ይናገር ነበር።

አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። ሁለት የፀጉር ማሽን፣ እያንዳንዱ 15 ዋት፣ በቀን 6 ሰዓት፦ 180 ዋት-ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ ማለት ነው)። አንድ 70 ዋት ቴሌቪዥን ለ8 ሰዓት፦ 560። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፦ 140። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግላቸው 20 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 15 ዋት-ሰዓት ቢወስዱ፦ 300። ድምሩ በቀን ወደ 1,200 ዋት-ሰዓት ይጠጋል።

አሁን ወደ ፀሐዩ እንምጣ። በበጋ ብዙ ቦታ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ፣ ማለትም ፓኔሉ በሙሉ ኃይሉ እንደሠራ የሚቆጠርበት ሰዓት፣ ይገኛል። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ ወደ 30 በመቶው ይባክናል። ስለዚህ የእሱ 150 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን እንኳ የሚሰጠው 525 ዋት-ሰዓት ነው። ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። ለበጋ ብቻ 340 ዋት ያህል ያስፈልገው ነበር። ክረምት ላይ ደመናው ፀሐዩን ወደ 3 ሰዓት ተኩል ካወረደው ደግሞ 500 ዋት ገደማ።

«የ13 ወር ፀጋ» ብለን አገራችንን አስተዋውቀናል። ፓኔል ሲገዙ ግን ሐምሌንና ነሐሴን ያስቡ። ለጥር የተሰላ ሶላር ለሐምሌ አይበቃም።

ባትሪውም እንዲሁ ይሰላል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በየቀኑ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 1,200 ለመጠቀም 2,400 መያዝ አለበት። ያ ማለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ነው። ሊትየም ከሆነ እስከ 80 በመቶው ድረስ መጠቀም ስለሚቻል አነስ ያለው ይበቃል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ዕድሜው ከአሲዱ በብዙ ዓመት ይበልጣል።

ምጣድን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይወስዳል። አንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር የዚያን ፀጉር ቤት የሦስት ቀን ኃይል ይበላል። «ምጣድም ያሠራል» የሚልዎት ሻጭ ካለ ስንት ፓኔል፣ ምን ያህል ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል የሚቀይረው ዕቃ) እንደሚጨምር አስልቶ ያሳይዎት።

የተለጠፈውን ቁጥር ማመን

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ርካሽ ፈላጊው በዛ። ከጀርባው «300 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ግን ትንሽ በር እንኳ የማያህል ፓኔል ገበያውን ሞላው።

ለዚህ መፍትሔው ሜትር ነው። የአሁኑ ጥሩ ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 200 ዋት ይሰጣል። ርዝመቱን በስፋቱ ያባዙ። አንድ ካሬ ሜትር የማይሞላ ፓኔል 300 ዋት ነው ከተባለ ጥለውት ይሂዱ።

የመኪና ባትሪም ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ሲወጣበት በወራት ውስጥ ይሞታል። ኢንቨርተርም ሲገዙ ፍሪጅ ካለዎት ይንገሩ። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል።

ሰቅሎ መርሳት

ይህ አጭር ነው። የአሲድ ባትሪ ክፍት ዓይነት ከሆነ በየወሩ ውሃውን ይዩ። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ (ዲስቲልድ) ነው፤ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ አይደለም። በበጋ አቧራውን ጠዋት፣ ፓኔሉ ሳይሞቅ ይጥረጉ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይሰቀል፤ ዝናቡም ያጥበዋል።

ባህር ዛፍን ደግሞ አይርሱ። ሲሰቅሉ ከጣሪያው በታች የነበረው ችግኝ በሦስት ዓመት ከላይ ይሆናል። የፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ ጥላ ቢያርፍበት የሚወርደው ኃይል ከጥላው ስፋት ይበልጣል። ብዙ ሰው ፓኔሉ አረጀ ብሎ ይጥላል። ያረጀ ነገር የለም። ዛፉ አድጎ ነው።

የእርዳታ ነው ብሎ መተው

የማኅበረሰብ ሶላር ላይ ሲደረስ ሌላ በሽታ አለ። ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ላይ ሶላር ይተከላል። ሪባን ይቆረጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባትሪው ይሞታል። «ማን ይጠግነው?» ሲባል ሕዝቡ «የሰጠን ድርጅት» ይላል። ድርጅቱ ጨርሶ ሄዷል። ወረዳው ለዚያ የተያዘ በጀት የለውም። ፓኔሉ ለሃያ ዓመት የሚሆን ሆኖ ሳለ በአንድ ባትሪ ምክንያት ቆሞ ይቀራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህን ችግር መፍታት የሚያውቅ ሕዝብ መሆናችን ነው። ዕድር አለን። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳኑ ሲቀደድ ማንም ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቅም። ከየቤቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ያልከፈለ ይቀጣል። ለቀብር ይህን ያህል የምንደራጅ ሰዎች ለባትሪ መደራጀት አያቅተንም። መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። የባትሪው ዋጋ በዕድሜው ወራት ይካፈልና ለየቤቱ ይደልደል። ገንዘቡ ባትሪው ሳይሞት በፊት ይጠራቀም፤ ከሞተ በኋላ መዋጮ መለመን ጠብ ያመጣል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ረማ የምትባል መንደር ስሟ የወጣው በሶላር ነው። ቤት ለቤት ሶላር ሲተከልባት ሁለት ነገር አብሮ ተደረገ። እዚያው ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቤተሰቡም በየወሩ መጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ እንዲከፍል ተደረገ። የሚጠግን የሰፈር ልጅና የሚጠራቀም ገንዘብ። በሌላ ቦታ ሲተከል የሚረሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አነስተኛ ነጋዴዎችም ከዕቁብ ይማሩ። ሦስትና አራት ሱቆች ጎን ለጎን ከሆኑ በዕቁብ ተራ በተራ መግዛት ይችላሉ። አንድ ላይ ሲገዙ ዋጋ ይወርዳል፣ መለዋወጫም አንድ ዓይነት ይሆናል።

ሽቦ ለጎረቤት መዘርጋት

ኃይል ሲተርፍ ለጎረቤት ሽቦ መሳብ ደግነት ይመስላል። በቀጭን ሽቦ፣ በአጥር ላይ፣ ያለ ፊውዝ ሲሆን ግን ቤት ያቃጥላል። ኃይል ለሌላ ሰው መሸጥም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የአካባቢዎን የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

መስመርም ሶላርም ያለዎት ከሆነ ደግሞ መቀየሪያ ማብሪያ (ከመስመሩና ከሶላሩ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ) ሳያስገቡ ኢንቨርተሩን ከቤቱ ሽቦ ጋር አያገናኙ። መብራት ጠፋ ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከእርስዎ ቤት በሚመለስ ኃይል ሊሞት ይችላል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ውሃ ሳይኖር ባዮጋዝ መቆፈር

ከሶላር ወጣ ብለን ባዮጋዝንም እንይ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከከብት እበት ጋዝ የሚያወጣውን፣ «ስንዱ» የሚባለውን ጉድጓድ በብዙ ገጠሮች አስተዋውቋል። ጥሩ ነገር ነው። ኩበት ከማንደድ ጭስ ያድናል፣ የሚወጣው ዝቃጭም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ግን ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል። ከእበቱ እኩል ውሃም በየቀኑ ይጨመርበታል። ውሃ አንድ ሰዓት ተሂዶ በሚቀዳበት ቦታ ይህ የማን ሸክም እንደሚሆን ግልጽ ነው። ጉድጓዱ ደርቆ የቀረበት ግቢ ሲያዩ ሰነፍ ናቸው አይበሉ። መጀመሪያ ስለ ውሃው ይጠይቁ።

ሴቶቹን ሳይጠይቁ መወሰን

ይህንን በመጨረሻ የጻፍኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ስለ ኃይል ስብሰባ ሲጠራ ወንዶቹ ተሰብስበው አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ይላሉ። ሁሉም የማታ ነገር ነው። የማታ ኃይል ደግሞ ባትሪ ይፈልጋል፤ ከሁሉም ውድ የሆነውም እሱ ነው።

አንድ ቀበሌ ስለ አነስተኛ የሶላር መረብ ሲወያይ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሱና «ወፍጮ ያዞራል?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ሳቀ። ለኢንጂነሩ ግን የዕለቱ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። ወፍጮ የሚሠራው በቀን ነው፣ ፀሐዩ ባለበት ሰዓት። ኃይሉ ባትሪ ውስጥ ሳይገባ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። ባለ ወፍጮው በየቀኑ ይከፍላል፣ መረቡም ገቢ ያገኛል፣ የአምፖሉ ሂሳብም ለየቤቱ ይቀላል። እናቶቹም እህል ተሸክመው የናፍጣ ወፍጮ ወዳለበት ከተማ መሄዳቸው ይቀራል። ኢንጂነሩ ደብተሩን አውጥቶ ወደ እሳቸው ሄደ። በሳምንት ስንት ቁና እንደሚያስፈጩ፣ ከየትኛው ጎጥ ስንት ሰው እንደሚመጣ እየጠየቀ መጻፍ ጀመረ።