በመሐረብ የተቋጠረ መድኃኒት፦ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውለው የመጡ አንዲት እናት ባንኮኒው ላይ መሐረባቸውን ፈቱ። ዘጠኝ እንክብሎች ወጡ፤ አራቱ ቀይና ጥቁር፣ ሦስቱ ቢጫ፣ ሁለቱ ደግሞ ላብ ነክቷቸው እርስ በርስ የተጣበቁ። «ልጄ፣ ከቀይና ጥቁሩ ጨምርልኝ፤ አምና ጎረቤቴን አድኗታል» አሉኝ። የታመመው የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ጉንፋን ይዞታል።

በባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ከቆምኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ይህን መሐረብ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንዳንዴ የክብሪት ሳጥን፣ አንዳንዴ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ያው ነው፦ ካለፈው ሕመም የተረፈ ፀረ ባክቴሪያ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። የፔኒሲሊን ዘር የሆኑት ፀረ ባክቴሪያዎች፣ አሞክሳሲሊንም አምፒሲሊንም፣ ቫይረስን አይነኩም። ልጁ በሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለእንክብሉ ይሆንና ወሬው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በዚህ መካከል በልጁ ሰውነት ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የቻሉት ተርፈው ይራባሉ። አንድ ቀን እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው ያ መድኃኒት አይሠራለትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል። ከሁሉ የከፋው ሸክም ያረፈው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ፣ ማለትም በእኛው ላይ ነው።

ቀለም ደግሞ የመድኃኒት ስም አይደለም! አንዱ ፋብሪካ ቀይና ጥቁር ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። ጎረቤትን ያዳነው መድኃኒት ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ማሸጊያውን አትጣሉ። ስሙን ማንበብ የማይችል ሰው ማሸጊያውን ይዞ ቢመጣ እኔ አነብለታለሁ።

እዚህ ላይ እኔም የማርመው አለኝ። ለዓመታት «ካልጨረስከው ባክቴሪያው ይላመደዋል» ስል ኖሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉ ተመራማሪዎች ግን ለዚህ አባባል በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቁንም ሳያስፈልግ ረጅም ጊዜ መውሰዱ መላመድን እንደሚያባብስ አስረዱ። አሁን የምለው ሌላ ነው፦ ስንት ቀን እንደሚወሰድ ያዘዘው ሐኪም ይወስን፤ እናንተ አታጉድሉ፣ አትጨምሩም። ቶሎ ከተሻላችሁ ተመልሳችሁ እርሱን ጠይቁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ግን ሳሉ ስለጠፋ ብቻ በሁለተኛው ወር የሚተው አይደለም፤ ስድስት ወር ከተባለ ስድስት ወር ነው።

ለእኒያ እናት እንክብል አልሰጠኋቸውም። «ባዶ እጄን ልትሰደኝ ነው?» ሲሉኝ ሆዴ ተላወሰ፤ ከገጠር ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ደጋግሜ ነግሬ፣ ምልክቶቹን መልሰው እንዲነግሩኝ አድርጌ ሸኘኋቸው።

በወባ ጊዜ ስህተቱ ይገለበጣል፤ የሚያስፈልገው መድኃኒት በመንገድ ይቀራል። የአዋቂ ኳርተም 24 ፍሬ ነው፦ አራት አራት እየተደረገ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቃል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል። ከፎገራ ሩዝ አጨዳ የመጣ አንድ ወጣት 12 ፍሬ ወስዶ ሲሻለው የቀረውን 12 ለታመመ ወንድሙ ሰጠው። በወንድማማች ፍቅር ያደረገው ነው፤ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ፊቴ ቆሙ። በኳርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን የተባለ የመድኃኒት ዘር በከፊል የሚቋቋም የወባ ተውሳክ በጎረቤታችን በኤርትራ፣ እንዲሁም በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተረጋግጧል፤ እኛ ዘንድ መድኃኒቱን የምናባክንበት ጊዜ አይደለም። ሌላው ደግሞ ኳርተምን በባዶ ሆድ መዋጥ ነው። ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው። ጾም ከሆነ በዘይት የተሠራ ሽሮ ይበቃል።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር፦ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እስከ ፋሲካ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ጾማችሁን አከብራለሁ። ሆኖም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ብዙውን የግፊት መድኃኒት ሐኪሙ ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል፤ ጾሙ ሳይገባ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁት። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ እንክብል የምትወስዱ ግን ሳትበሉ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ስኳራችሁን አውርዶ ራሳችሁን ሊያስታችሁ፣ ሊገድላችሁም ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ስለ ኢንሱሊን ሁለት ነገር ልጨምር። በሚያዝያ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ጠርሙሱ ተበላሸ ብለው የሚጥሉት አሉ፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ «ይቀዝቅዝ» ብለው የበረዶ ሳጥኑ ውስጥ የሚከቱት አሉ። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም፤ ይጣላል። አንድ አባት ለልጃቸው የገዙት የወር ኢንሱሊን እንደ ድንጋይ ደርቆ ሲያሳዩኝ የገንዘባቸውን ልፋት ስለማውቅ ቃል አጠረኝ። መብራት መጥፋቱ ግን ይህን ያህል አያስደንግጣችሁ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደጠበቀ ታይቷል። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ፣ ጥላ ሥር፣ በቂ ማቀዝቀዣ ነው። ጠርሙሱ ውሃ እንዳይነካው ብቻ ጠቅልሉት።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ባለ 500 ሚሊግራም አይበልጥም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም እርሱው ስላለ ሁለቱን አትደርቡ፤ ጉበት ሲጎዳ ምልክቱ የሚታየው አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው።

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ለጥርስ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትጠይቁ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስጠነቀቀው ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ የጽንሱን ኩላሊት ጎድተው የእንሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ነው። እርጉዝ መሆናችሁን ቀድማችሁ ንገሩን፤ እኛም ሳንጠይቅ መሸጥ አልነበረብንም።

የልጆች ሽሮፕ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካም፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ከጠፋ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ስጡን በሉ።

ጣና ውስጥ ዋኝታችሁ ወይም ደንገል ስታጭዱ ውላችሁ በማግስቱ «የቢልሃርዚያ መድኃኒት ስጠን» የምትሉኝም አላችሁ። ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ ገና በቆዳ የገባውን ጮርቃ በደንብ አይገድልም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆዩና ሰገራ ተመርምራችሁ ኑ።