አቮካዶው ከጠወለገ ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ቆፍሩ

ለገጣፎ በገባሁበት ዓመት ሦስት የአቮካዶ ችግኝ ተከልኩ። ክረምቱን በሰላም ያለፉ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠላቸው ተንጠለጠለ። ጎረቤቴ በአጥር አሻግረው አዩና «ልጄ፣ ጠምቷቸው እኮ ነው» አሉኝ። ጠዋትና ማታ በባልዲ አንቆረቆርኩላቸው። ኅዳር ሳይጋመስ ሦስቱም ደረቁ።

አንዱን ስነቅለው ያለ ትግል ወጣ። ሥሩ ጥቁር ነው። በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቆዳው እንደ ካልሲ ሾለከና እጄ ላይ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ሆነ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጭቃ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ለካ ውሃ ጠምቷቸው ሳይሆን ውሃ በልቷቸው ነው።

የጠማው ዛፍም፣ የሰጠመ ዛፍም ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ስለዚህ ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብላችሁ አፈሩን በእጃችሁ ጫር ጫር አድርጉ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፤ ሲሰበርም ቀጭ ይላል።

አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ጠውልጓል

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በተለይ በአቃቂ፣ በዱከምና በሰንዳፋ በኩል፣ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ሸክላ ይበዛበታል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳው ይዘጋል፤ ውሃው መሄጃ ያጣል። ሥር ደግሞ አየር ካላገኘ ይሞታል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሽምብራና ጓያውን ዋልካ ላይ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በቀረው እርጥበት ነው። እኛ ቪላ ሠሪዎቹ ነን ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን አቮካዶ የምንቀብረው።

አቮካዶ ደግሞ ለዚህ ነገር ከሌላው ዛፍ ይብሳል። አብዛኛው ሥሩ ከ60 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከዚያም ይልቅ ለመሬቱ ገጽ የቀረቡ ናቸው። ውሃ በተኛበት አፈር ፊቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ ተሕዋስ ይራባና ሥራውን ይጨርሳል።

ለማረጋገጥ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ውሃው አድሮ ጠዋት ካገኛችሁት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉ። ታች ጠጠር ማንጠፍ መፍትሄ አይደለም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ይተኛል። ሁለት አካፋ አሸዋ መቀላቀልም አይፈይድም።

የሚሠራው ወደ ላይ መትከል ነው። ከግማሽ ሜትር ያላነሰ ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ጉብታ አብጁ። ከላይኛው ለም አፈርና በደንብ ከበሰበሰ ብስባሽ ይሁን። ዙሪያውን ቦይ ቅደዱና ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይውረድ። ችግኙ የተዳቀለበት፣ ማለትም ሁለቱ ግንዶች የተጣበቁበት ቦታ ግን አይቀበር። ሥሩ ገና መጥቆር የጀመረ ዛፍ ውሃው ከተቆረጠለትና ቦይ ከተቀደደለት ሊተርፍ ይችላል። የሞተውን ነቅላችሁ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ አቮካዶ አትተኩ፤ ዶማውንም ሳታጥቡ ወደ ጤነኛው ዛፍ አትውሰዱ።

በበጋ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ የቅጠሉ ጫፍ አረረ

ያው ዋልካ ነው፤ አሁን ደግሞ ተኮማትሮ። ስንጥቁ ሲከፈት ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። አንድ ጊዜ በጎርፍ መልክ ከማጠጣት ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይሻላል። የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት።

ዓመት ሙሉ ባለበት ቆመ

መጀመሪያ ችግኙን የገዛችሁበትን ፕላስቲክ አስታውሱ። ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ይጠመጠማል። መሬት ከገባም በኋላ መዞሩን አይተውም። ስትተክሉ የተጠቀለለውን በስለት ቁረጡት። ሥሩ ከታች እንደ ገመድ የተቋጠረ ችግኝ ከሆነ ባትገዙት ይሻላል፣ በነፃም ቢሆን።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ግቢው ራሱ ነው። ቤት ሲሠራ የተደለደለ ገረጋንቲና በመኪና የተረገጠ አፈር ሥር አያሳልፍም። ዲጂኖ አንስታችሁ መሬቱን ውጉት። ከአንድ ስንዝር በኋላ ድንጋይ እንደነካ ከተመለሰ ችግሩን አገኛችሁት። ገረጋንቲውን አውጡ፤ የጉድጓዱን ግድግዳም በዶማ ጫሩት። እርጥብ ሸክላ በአካፋ ሲላጭ እንደ ገንቦ ይለሰናል፤ ሥሩም እዚያው ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

በሆለታ በኩል ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አሲዳማነትን ጠርጥሩ። ለዚያ ኖራ አለ፤ ግን አፈሩን ሳታስመረምሩ አትነስንሱ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

ይህ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሥሩ ግን አያገኘውም። ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ ላይ የተተከለ ዛፍ እንዲህ ይሆናል፤ ሲሚንቶ አፈሩን ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲዳማነት ተቃራኒ ያዞረዋል። እዚህ ቦታ ኖራ መጨመር በቁስል ላይ ጨው ነው። ፍርስራሹን ለቅማችሁ አፈሩን ቀይሩ፣ ብስባሽ አብዙለት። ውሃ የበዛበት አፈርም ይህንኑ ምልክት ያሳያል፤ ቦዩን እንደገና ተመልከቱት።



በአንድ ሌሊት ቅጠሉ ጠቆረ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ በተለይ በሱሉልታ በኩል፣ ይህ ውርጭ ነው። አፈሩን አትውቀሱ። ትንሹን ችግኝ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። የተቃጠለውን ቅርንጫፍ ግን ብርዱ ሳያልፍ አትቁረጡ። እኔ ታኅሣሥ ላይ ቸኩዬ ቆረጥኩ። በሳምንቱ የመጣው ውርጭ የቀረውን ጉቶ ወሰደው።