ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን ይቃጠላል? ቤት የታደሰ የቮልስ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላው ስር አንድ የተፈታ የቮልስ ሞተር አይጠፋም። አብዛኛው የሚመጣው "ገና ባለፈው ወር ነው የታደሰው" ተብሎ ነው። የቮልስ ሞተር የተያዘው በአራት ቡሎን ስለሆነ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ካለ ግቢ ውስጥ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሁሉም የሚደፍረው። መድፈሩን አልቃወምም፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነው። ጉዱ የሚመጣው ሲገጠም ነው።

ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቤንዚን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ያላየ አይቶ ይመለስ።

ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ

ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። እዚህ አየሩ ከባህር ጠረፍ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቃል። ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉና ካንዴላውን እንደገና እዩ። ቡናማ ከሆነ ጨርሳችኋል። ከዚያ በፊት ግን የቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚያሳንሰው ክዳን) የኤሌክትሪክ ገመድ አለመነቀሉን እዩ። ከተነቀለ ቾኩ ተዘግቶ ይቀራል፣ ጭሱም ያው ጥቁር ነው። የጂግለር ቀዳዳ በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ካለ እባካችሁ እጁን ያዙልኝ።

ካርቡራተሩ ላይ እጃችሁ እስካለ ድረስ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ ቱቦ ወዝወዝ አድርጉ። ከተንቀሳቀሰች አንድ ቀን ትወልቃለች። ከወለቀች ቤንዚኑ የሚረጨው የእሳት ብልጭታ ካለበት ከዲስትሪቡተሩ አጠገብ ነው። የቤንዚን ጎማው ከተሰነጣጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት። ነገ አትበሉ። የሞተሩ ቀፎ ማግኒዚየም አለበት። አንዴ ከተያያዘ ውሃ አታፍሱበት፤ ውሃ ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ነው የሚደፋበት።

ሰማያዊ ጭስ

ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ተዉት። ሲሊንደሮቹ ጎናቸውን ተኝተዋል፤ መኪናው ዘመም ብሎ ካደረ ትንሽ ዘይት ሾልኮ ይገባል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልተወ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው። ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ተገጥሟል። "ቶፕ" የሚለው ጽሑፍ ወደ ፒስቶኑ አናት ማየት አለበት።

ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማርሚታው ፑፍ ፑፍ ይላል

ይኸው መጣን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸኛው ነው።

ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ዳገት ሲይዝ ወይም ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል። ሚኒሞ ላይ አንዱ ሲሊንደር ይዘላል። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ሲለካ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ ሦስተኛው ወድቋል። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲወርድ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቮላ ጠርዙ ተበልቷል። ሲብስ አንገቱ ተበጥሶ ፒስቶኑን በስቶታል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሱሉልታ እየነዱ መጡ። "ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ታድሷል፤ ሦስቴም እንጦጦን ስወጣ ነው የሚሞተው" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አዲስ ቫልቮላ ተገዝቶለታል። "ጋሼ፣ ከሲሊንደሮቹ ስር የነበሩት ላሜራዎች የት ሄዱ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ "ጋራዡ ትርፍ ዕቃ ነው ብሎ መለሰልኝ፤ አንደኛውን ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል" አሉኝ።

ትርፍ ዕቃ! ቮልስ ውሃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ብቻ ነው። ንፋሱ የሚሰራው ደግሞ ላሜራው ወደሚፈለገው ቦታ ሲመራው ነው። ፋኑ ንፋሱን ከላይ ይገፋል፣ ንፋሱ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሀል ይወርዳል። ከስር ያሉት ላሜራዎች ደግሞ የሲሊንደሩን ሆድ አቅፎ እንዲያልፍ ያስገድዱታል። እነሱ ከሌሉ ንፋሱ በአቋራጭ ይወጣል፣ የሲሊንደሩ ታችኛ ግማሽ ደረቅ ምጣድ ይሆናል።

ለምን ሦስተኛው ብቻ? ሦስተኛው በግራ በኩል ወደ ኋላ መቀመጫው የቀረበው ነው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ የዘይት ራዲያተሩ ከፋኑ ሳጥን ውስጥ፣ ልክ ከሱ በላይ ነው የቆመው። ስለዚህ የሚደርሰው ንፋስ ያነሰና የሞቀ ነው። በ1971 ሞዴል ራዲያተሩን ወደ ውጭ አወጡት፣ ነገሩ ተሻለ። ግን ፋብሪካው ያወጣው የድሮው ሞተርም ስንት ዘመን ሰርቷል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ራዲያተሩ ላይ አትጫኑ። ራዲያተሩ ሦስተኛውን ጠርዝ ላይ ያቆመዋል፣ የሚገፋው ግን ያጎደልነው ነገር ነው።

ሞተሩ ወርዶ እያለ የማያቸው እነዚህን ነው።

የስር ላሜራዎቹ አሉ? ከሌሉ ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ሂዱና የድሮውን ፈልጉ። ዝገት ቢኖረውም የድሮው ይሻላል። ከቀጭን ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ አዲስ አምጥተውልኝ ያውቃሉ፤ ሲነካ ይታጠፋል፣ ሞተሩ ሲነሳ እንደ ከበሮ ይጮሃል።

ዙሪያ ጎማው አለ? በሞተሩ ላሜራና በመኪናው አካል መሀል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ጎማ ነው። ርካሽ ነው፣ የሚያምር አይደለም፣ ስለዚህ ማንም አይገዛውም። ከሌለ ፋኑ ከስር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል ማለት ነው። የጎማ ቱቦ ሰንጥቆ መግጠም ይቻላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

የማሞቂያው ቱቦ ተነስቷል? ብዙ ሰው ማሞቂያውን ያነሳና የፋኑ ሳጥን ላይ ያሉትን ሁለት አፎች ክፍት ይተዋቸዋል። ንፋሱ በዚያ ይሾልካል። ድፈኗቸው።

አዲስ የተገዛው ሲሊንደርና ቴስታታ ክንፉ ክፍት ነው? ይሄ በጣም ያናድደኛል። ክንፎቹ መሀል ሲቀልጥ የፈሰሰ ብረት ተጋግሮ ይመጣል። አንዳንዱ ላይ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። ወደ ፀሐይ ያዙና እዩት። ከተዘጋ በቀጭን ሞረድ ወይም በድሪል ክፈቱት። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጣት ይልጣል። ግን ይህን ያልሠራ ሰው አዲስ ዕቃ የገዛው ለማቃጠል ነው።

የፋኑ ሳጥን ውስጥስ? ሰንዳፋ ጭድ አጠገብ ስድስት ወር የቆመ ቮልስ መጥቶልኝ ነበር። ሳጥኑን ስፈታ የዘይት ራዲያተሩ ላይ የጤፍ ጭድና ጨርቅ ተነጥፎ አይጧ ወልዳበታለች። ባለቤቱ "ቴርሞስታቱ ይሆን?" ብሎ ነበር የጠየቀኝ። ዳር ከተማ የምትኖሩ፣ መኪናችሁ ከቆመ ሳታዩ አታስነሱ።

ቺንጋውን በጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ፋኑ የሚዞረው በዲናሞው ነው፣ ዲናሞው በቺንጋው። ስለዚህ ሲነዱ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ጉዳዩ የባትሪ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቁሙ። ያኔውኑ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። አንድ ልጅ "ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል" ብሎ ከዱከም ገላን ድረስ ነድቶት መጣ። ባትሪው አድርሶታል፤ ሞተሩ አልደረሰም።

አሁን ወደ ቫልቮላው ክፍተት። ለአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። "ትንሽ ቆየ እኮ" አይሠራም። አንደኛውን ሲሊንደር አናቱ ላይ አምጡ፤ ሁለቱም ቫልቮላዎች የተዘጉበት ምት መሆኑን አረጋግጡ። ሁለቱን ለኩ። ፑሊውን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩ፣ ሁለተኛው ላይ ናችሁ። እንደገና ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛው። እንደገና፣ አራተኛው። በእያንዳንዱ ቴስታታ ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ናቸው፣ መሀል ያሉት የመግቢያ።

እዚህ ላይ የከተማው በሽታ አለ። ባለቤቱ የቫልቮላ ድምፅ አይወድም። መካኒኩም ደስ ሊያሰኘው ያጠብቀዋል። ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ጸጥ ይላል፣ ሰውየው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። የጠበቀ ቫልቮላ ግን ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሙቀቱን የሚያራግፈው ወንበሩ (ሲዘጋ የሚገጥምበት ቀለበት) ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ ካላረፈ ይነዳል። ትንሽ ቲክ ቲክ ያለው ቮልስ ጤነኛ ነው። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።

ክፍተቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለኩና የተገኘውን ቁጥር ጻፉት። የሦስተኛው የጭስ ቫልቮላ በየጊዜው እየጠበበ ከተገኘ መፍትሄው ማላላት አይደለም። ወይ ቫልቮላው እየተለጠጠ ነው፣ ወይ ወንበሩ እየሰመጠ። አንዴ ብታላሉት ሁለት ወር ትገዛላችሁ። ቴስታታው ይውረድ። ለእድሳት የወረደ ሞተር ላይ ደግሞ የድሮ የጭስ ቫልቮላ አጽድቶ መመለስ ክልክል ነው። በኔ ግቢ ቢያንስ።

የመምህሩ ቮልስ? ላሜራውን ከዶሮዎቹ ቀማኋቸው፣ በናፍታ አጠብኩት፣ ገጠምኩት። ዙሪያ ጎማም አስገባሁ። እንጦጦን ወጥተው ደወሉልኝ።

ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ዘይት ይንጠባጠባል

የቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ዲስክ) ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት የሚይዘው ጎማ ነው። ግን ፓራኦሊዮ ብቻ ቀይራችሁ አትዝጉ፤ መጀመሪያ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) የፊትና ኋላ ጨዋታ ለኩ። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይሁን። የሚስተካከለው በስስ ቀለበቶች ነው፣ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ሦስት። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ 35 ኪሎግራም-ሜትር የማጥበቂያ ኃይል አካባቢ ይፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል ማለት ነው። በመዶሻ መትቶ "ጠብቋል" የሚል ሰው ቮላኖው መንገድ ላይ ይፈታበታል።

የቴስታታ ዳዶ ሲጠብቅ ቆይቶ ድንገት ለሰለሰ

ጥርሱ ከቀፎው ተነቅሎ እየመጣ ነው። ማግኒዚየም ለስላሳ ነው። ወፍራሞቹ 10 ሚሊ ሜትር ብሎኖች 3.2፣ ቀጫጭኖቹ 8 ሚሊ ሜትር 2.5 ኪሎግራም-ሜትር ይበቃቸዋል። "በእጄ አውቀዋለሁ" የሚል መካኒክ ሲያጠብቅ አላይም፤ ያመኛል። መፍትሄው ቶርኖ ቤት ወስዶ የብረት ጥርስ ማስገባት ነው። አንዱ ከለቀቀ ሌሎቹንም አብራችሁ አሠሩ።

ቀሪዎቹ

በካርቡራተሩ ወደ ኋላ ይተኩሳል፣ አይነሳም፦ የዲስትሪቡተሩ ማዞሪያ ዘንግ ግማሽ ዙር ተሳስቶ ገብቷል፣ ወይ ገመዶቹ ተዛንፈዋል። ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ነው።

ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፦ መጀመሪያ የግፊት ማስተካከያዋ ፒስቶን ተጣብቃ እንደሆን እዩ፣ ከዚያ የዘይት ፖምፓውን። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብሮንዚና (የክራንክሻፍቱ ማረፊያ)።

ከፑሽ ሮድ (ቫልቮላውን የሚገፋ ዘንግ) ቱቦዎች ዘይት፦ ጎማዎቹ። ቱቦዎቹን ሳትገጥሙ በፊት በእጅ ትንሽ ዘርጉዋቸው፤ አጥረው ከገቡ ዞሮ ዞሮ ያንጠባጥባሉ።

የሚወስደው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም። ከእድሳት በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። የእኛ ሰፈር አቧራ ላይ የምትነዱ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየ2,500ው። ወንፊቱን ስትፈቱ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካገኛችሁ ሳትጥሉት በነጭ ወረቀት ላይ አራግፉትና በማግኔት ሞክሩት።