ቋሚ ጥርስ አልበቅል ሲል፦ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ይዘገያል እንጂ ይበቅላል» ብሎ መተው። አንዳንድ ልጅ የአንዳንድ ቋሚ ጥርሶች ፍሬ ጭራሹኑ አልተፈጠረለትም። መጨረሻ ላይ ከሚወጡት መንጋጋዎች ውጪ በብዛት የሚጎድሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከላይ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ ያሉት፣ ከታች ደግሞ ከክራንቻ ኋላ ሁለተኛው። በአንዱ ጎን በቅሎ በሌላው ጎን ሳይበቅል 6 ወር ካለፈው ራጅ ይነሳ። ድድ ደባብሶ መገመት አያዋጣም።

የወተት ጥርሱን በችኮላ ማስነቀል። ይሄኛው በጣም ያስቆጫል። ከሥሩ ተተኪ ከሌለ ያ የወተት ጥርስ ትልቅ ሀብት ነው። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ልጁ አድጎ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ አጥንቱም እንዳይሳሳ ይጠብቃል። ስለዚህ ራጅ ሳታዩ «ንቀልልን» አትበሉ። ቢቦረቦርም «የወተት አይደል፣ ይወድቃል» ሳትሉ አስሞሉት። አንዳንዴ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ከጎረቤቶቹ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያኔ መነቀል አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።

ግግ ማስወጣት። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታይና «ግግ ነው» ይባላል። እብጠቱ ግን ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው፤ ተቅማጡን አላመጣውም። ሲቆፈር ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። አጠገቡ ያለው የቋሚው ክራንቻ ፍሬም ሊጎዳ ይችላል። ከተጎዳ ከዓመታት በኋላ ጥርሱ ተበላሽቶ ሊወጣ፣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ግግ የወጣለት ልጅ ካላችሁ ለጥርስ ሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት፤ አለበለዚያ በተፈጥሮው የጎደለ ሊመስለው ይችላል።

በልጅነት ጥርስ ማስተከል። አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ ከልጁ መንገጭላ ጋር አያድግም። ሌሎቹ ከመንገጭላው ዕድገት ጋር ሲንቀሳቀሱ እሱ እዚያው ይቀራል። ዕድገቱ እስኪያበቃ የሚወልቅ ወይም የሚለጠፍ ጥርስ ይበቃል።

ጥርሱን ብቻ ማየት። ብዙ ጥርስ ጎድሎ ያሉትም ሹል ከሆኑ፣ ፀጉሩም ከሳሳ፣ ልጁ ያልበው እንደሆነ አስተውሉ። ፀጉርን፣ ጥርስንና ላብ አመንጪ ዕጢዎችን አንድ ላይ የሚነካ በዘር የሚመጣ ችግር አለ። የማያልበው ልጅ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ሙቀቱ በድንገት ያሻቅባል፤ ቆላ አገር ለሚያድግ ልጅ ይህ ከጥርሱ ይልቅ አጣዳፊ ነው። ጥላ፣ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ከአጠገቡ አይራቁ፤ የሕፃናት ሐኪምም ይየው።